አምስት ደቂቃ የማይሞላ ትርፍ

ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል በሚስማር ሽጉጥ ቆስለው የታከሙ ሰዎች በዓመት በአማካይ 37,000 ያህል ነበሩ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩን ያወጣው ሲዲሲ የተባለው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ነው። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 101 ሰው ይደርሳል። ቀንና ሌሊቱን ሳንለይ ብንበትነው በየ14 ደቂቃው አንድ ሰው ሚስማር የተሰካበትን እጁን ወይም እግሩን ይዞ ሐኪም ፊት ይቀርባል። ሌሊት ጣሪያ የሚመታ ስለሌለ ደግሞ ቀን ቀን ወረፋው ከዚህም የፈጠነ ነው።

ከነዚህ ውስጥ 22,200 ያህሉ ሥራ ላይ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። የቀሩት 14,800 የራሳቸውን አጥር፣ በረንዳ ወይም ወለል ሲያበጁ የቆሰሉ ናቸው። በ1991 እንዲህ በየቤታቸው የሚቆስሉት 4,200 ብቻ ነበሩ፤ በ2005 ሦስት እጥፍ ያህል ሆኑ። ምን ተፈጠረ ቢባል፣ ሽጉጡም አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰርም ረከሰ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሱቅ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ መሄድ ቀላል ሆነ። መኪና ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሽጉጡን ለመግዛት ግን ከገንዘብ በቀር የሚጠየቅ የለም። እዚያ አገር ቤት ገዝተው ቅዳሜና እሑድ አጥራቸውን የሚያድሱ ወገኖቻችንም ቢቆስሉ የሚቆጠሩት ከ14,800ዎቹ ጎራ ነው።

የማወራው በአየር ግፊት ስለሚሠራው ሽጉጥ ነው። ኮንክሪትና ብረት ላይ የሚመታ፣ ባሩድ የሚጎርስ ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን። የአየሩ ሽጉጥ ባሩድም እሳትም የለውም። የሚበላው በየሰፈሩ ጎሚስታ ቤት የሚያጓራው ኮምፕሬሰር የሚሰጠውን ያንኑ አየር ነው። አንድ የቤት መኪና ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ይነፋል። ሽጉጡ ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ70 እስከ 120 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ከጎማው ሁለት፣ ሦስት እጥፍ ቢበልጥ ነው፤ ሰውም የሚናቀው ለዚህ ይመስለኛል። አየር ነዋ!

ግን እስቲ እናስላው። ፒስተኑ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሣሪያ እንውሰድ። የፒስተኑ ፊት 19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግፊቱ 7 ባር፣ ማለትም 100 ፒኤስአይ አካባቢ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ7 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ያርፋል። ተባዝቶ 140 ኪሎ ነው። ቃታው ሲሳብ ይህ 140 ኪሎ ፒስተኑን በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይገፈትረዋል፤ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ቀጭን የብረት ዘንግ ደግሞ ሚስማሩን አናቱ ላይ ይመታዋል። 9 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሚስማር ክብደቱ 6 ግራም ገደማ ነው። ያ ሁሉ ኃይል በዚህ ቀጭን ሚስማር ውስጥ ሲያልፍ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1,600 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ያውም የምቱን ፍጥነት ሳንቆጥር፣ ዝም ብሎ ቢጫነው እንኳ። እንጨት ለዚህ መንገድ ከለቀቀ፣ ጣት ምን አቅም አለው?

ጊዜውስ? የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻና የምርምር አቻው ናዮሽ በ2011 ለሥራ ተቋራጮች ባወጡት መመሪያ፣ የአንድ ተኩስ ድምፅ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች እንደሚቆይ ተጽፏል። ጤነኛና ንቁ ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ አንጎል «ኧረ!» ሳይል ሚስማሩ ሥራውን ጨርሷል። ቀልጣፋ እጅ፣ የሠላሳ ዓመት ልምድ፣ ጥሩ ዓይን፣ ሁሉም ከዚህ ሂሳብ በኋላ የሚደርሱ ናቸው። የሚያድነው ተኩሱ ከመነሳቱ በፊት የተደረገው ብቻ ነው።

መሣሪያው የተወለደውም ለፍጥነት ነው። የመጀመሪያው የአየር ሚስማር ሽጉጥ ለገበያ የቀረበው በ1950 ነው። የፈለሰፈው ሞሪስ ፓይኑስ የተባለ ሲቪል መሐንዲስ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ሃዋርድ ሂዩዝ ባሠራው ኤች-4 ሄርኩለስ አውሮፕላን ላይ በነበረው ድርሻ ይታወቃል። ያ አውሮፕላን ከእንጨት የተሠራ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ከ97 ሜትር በላይ የሚለካ ግዙፍ ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን 1947 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ከውኃው ላይ 21 ሜትር ያህል ተነሥቶ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በርሮ አረፈ፤ ከዚያ ወዲህ በርሮ አያውቅም። የፓይኑስ ሽጉጥ ግን ቀጠለ። የመጀመሪያው ሽጉጥ ከ400 እስከ 600 ሚስማር ይጎርስ ነበር፤ አናጢው ሳያጎነብስ፣ እንደቆመ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ሚስማር ወለል ላይ ይመታበት ነበር።

ይህ ፍጥነት ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው የአሜሪካን ቤት ሚስማር የቆጠረ ሰው ነው። እኛ ጣሪያ ስንል ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ጥቂት ሚስማር ይበቃዋል። እዚያ ግን ጣሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ የአስፋልት ቁርጥራጮች ይለብሳል። በቀድሞው መጠን 9.3 ካሬ ሜትር ጣሪያ 80 ቁርጥራጭ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ቢያንስ 4 ሚስማር። ለ9.3 ካሬ ሜትር ብቻ 320 ሚስማር ማለት ነው። ጣሪያው 186 ካሬ ሜትር ከሆነ 6,400 ይደርሳል። ጎበዝ አናጢ አንዱን ሚስማር በ4 ምት ቢጨርስ መዶሻው 25,600 ጊዜ ይነሳል፣ ይወድቃል። በደቂቃ 60 የሚመታ ሽጉጥ ግን፣ ሌላውን ሥራ ትተን ምቱን ብቻ ከቆጠርን፣ ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም።

ግድግዳውም ከዚህ አይሻልም። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ አንድ ፕላይውድ ጠርዝ ጠርዙን በየ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ መሐሉን በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይመታል ቢባል 62 ሚስማር ይበላል። መቶ ፕላይውድ የሚወስድ ቤት፣ 6,200። በ2005 አሜሪካ ውስጥ ግንባታቸው የተጀመረ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ማባዛቱን ለአንባቢ እተዋለሁ። እንዲህ ባለ አገር ሽጉጡን ጥላችሁ ወደ መዶሻ ተመለሱ ማለት ቀልድ ነው፤ እኔም አልልም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ቃታው። ከሩቅ ሲታዩ ፈጽሞ የማይለዩ ሁለት ሽጉጦች በውስጣቸው ሁለት የተለያዩ ፍጡራን ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም አፈሙዛቸው ላይ ተንሸራታች ብረት አላቸው፤ ይህ ብረት እንጨት ላይ ተጭኖ ወደ ውስጥ ካልገባ ሽጉጡ አይተኩስም። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በአንደኛው ዓይነት መጀመሪያ አፈሙዙ እንጨቱ ላይ መጫን፣ ከዚያ ቃታው መሳብ አለበት፤ ለሚቀጥለው ሚስማር ቃታው ተለቅቆ እንደገና ይሳባል። አንድ ስበት፣ አንድ ሚስማር። ይህንን በተራ የሚተኩስ ቃታ እንበለው። በሁለተኛው ዓይነት ቅደም ተከተል የለም። ቃታውን አንዴ ስቦ መያዝ ነው፤ ከዚያ አፈሙዙ የነካው ሁሉ ሚስማር ይቀበላል። እንጨት ቢሆን እንጨት፣ ጭን ቢሆን ጭን፣ መሰላል ላይ ከታች የሚወጣ ሰው ጭንቅላት ቢሆን ጭንቅላት። ይህ ሲነካ የሚተኩስ ቃታ ነው።

ሁለተኛው ሌላም ዐመል አለው። ሽጉጡ ሲተኩስ ወደ ኋላ ይነጥራል። ቃታው ላይ ያለው ጣት ገና ስላልተለቀቀ፣ ነጥሮ ሲመለስ አፈሙዙ አንድ ነገር ከነካ ሁለተኛ ሚስማር ይወጣል፤ ማንም ያላዘዘው ሚስማር። ከላይ ያየነውን የአንድ አምስተኛ ሰከንድ ሂሳብ እዚህ ላይ ያስታውሱ። አናጢው ጣቱን ለማንሳት ሲወስን ሁለተኛው ሚስማር ቦታውን ይዟል። ይህ ከሁሉ የሚብሰው አናጢው ሽጉጡን አጥብቆ ወደ እንጨቱ ሲገፋ ነው፤ አዲስ ሰው ደግሞ ፈርቶ አጥብቆ መግፋቱ አይቀርም።

የ2011ዱ መመሪያ ነገሩን በአንድ ቁጥር ያስቀምጠዋል። ሲነካ በሚተኩስ ቃታ የመቁሰል ዕድል በተራ በሚተኩሰው ከመቁሰል ዕድል እጥፍ ነው። በቤት ግንባታ ላይ ከሚሠለጥኑ የአናጢ ተለማማጆች ከአምስቱ ሁለቱ በአራት ዓመት ሥልጠናቸው ውስጥ በሚስማር ሽጉጥ ቆስለዋል። ከአምስት አንዱ ሁለት ጊዜ፣ ከአሥር አንዱ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ። አንድ ዕቃ አንድን ሰው ሦስት ጊዜ ሲወጋ «ጥንቃቄ ጎደለው» የሚለው ወቀሳ ለሰውዬው ብቻ መሰጠቱ ተገቢ አይመስለኝም።

ታዲያ አደጋው እጥፍ ከሆነ ሰው ለምን ሲነካ የሚተኩሰውን ይመርጣል? ይፈጥናላ! ስንት ይፈጥናል? ይህንን ለማወቅ 10 ልምድ ያላቸው አናጢዎች ተመርጠው እያንዳንዳቸው ሁለት አንድ ዓይነት ትንንሽ የእንጨት ቤቶች እንዲሠሩ ተደረገ፤ አንዱን በአንደኛው ቃታ፣ ሌላውን በሌላው። ቤቶቹ 2.4 በ3 ሜትር ገደማ ነበሩ። ሚስማር በመምታቱ ጊዜ ብቻ ሲነካ የሚተኩሰው በአማካይ 10 በመቶ ፈጠነ። ነገር ግን ቤት መሥራት ማለት ሚስማር መምታት ብቻ አይደለም፤ መለካት አለ፣ መቁረጥ አለ፣ ማንሳት፣ ማስተካከል፣ መሰላል መውጣትና መውረድ አለ። ከጠቅላላው የግንባታ ጊዜ አንጻር ያ 10 በመቶ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ቃታዎች መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ ሽጉጡን የያዘው ሰው ማንነት ሥራውን የበለጠ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል።

የ8 ሰዓት የሥራ ቀን 480 ደቂቃ ነው። አንድ በመቶው 4.8 ደቂቃ። እጥፍ በሆነ አደጋ የሚገዛው ትርፍ በቀን አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ሄሎ፣ የት ደረስክ?» የሚልበት ጊዜ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ጣት ደግሞ የአሠሪው ሳይሆን የሠራተኛው መሆኑ ሂሳቡን ከሁሉ የባሰ አስቀያሚ ያደርገዋል። የአምራቾቹ ኢንዱስትሪ ራሱ ነገሩን ተረድቶት የቤት አጽም የሚመታባቸው ትልልቆቹ ሽጉጦች ከ2003 ጀምሮ በተራ የሚተኩስ ቃታ ተገጥሞላቸው እንዲሸጡ የሚል ደረጃ አውጥቷል። ደረጃው ግን በውዴታ የሚከበር ነው፤ ሌላውን ቃታ ለብቻው ገዝቶ መቀየርም አያስቸግርም።

ጋዜጣ ላይ የሚወጡት ታሪኮች የጭንቅላት ታሪኮች ናቸው። በ2004 ሎስ አንጀለስ አካባቢ አንድ ሠራተኛ ከጣሪያ ተንሸራትቶ ሽጉጥ የያዘ ባልደረባው ላይ ወደቀ፤ ስድስት ሚስማሮች ፊቱ፣ አንገቱና ጭንቅላቱ ውስጥ ገቡ። ተርፏል። በ2005 ኮሎራዶ ውስጥ ሌላው ሽጉጡ አመለጠውና አንዱ ሚስማር አጠገቡ ያለ እንጨት ውስጥ ሲሰካ አየ፤ ሌላውን አላየውም። ጥርሱን ስለ አመመው በረዶና ማስታገሻ ሲሞክር ሰንብቶ፣ በስድስተኛው ቀን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ራጅ ሲነሳ 10 ሴንቲ ሜትር ሚስማር በአፉ ጣሪያ አልፎ አንጎሉ ውስጥ ተገኘ። በ2012 ደግሞ ቺካጎ አጠገብ 8 ሴንቲ ሜትር ሚስማር ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ የተጫረ ብቻ የመሰለው ሰው ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ሕዋስ የለውም፤ ሰዎቹ ጀግና ስለሆኑ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው ያልታወቃቸው። እነዚህ ታሪኮች የሚያስደንቁ ቢሆኑም ከእውነተኛው ሥዕል ያርቁናል። ከጉዳቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እጅና ጣት ላይ ናቸው፤ ከእነዚህ የእጅ ጉዳቶች ሩቡ ደግሞ ጅማት፣ መገጣጠሚያ፣ ነርቭ ወይም አጥንት የነካ ነው። በእጁ ለሚኖር ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ለእጅ የተሰጠው ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። መመሪያው እንጨት የያዘው እጅ ሚስማሩ ከሚገባበት ነጥብ ቢያንስ ይህን ያህል ይራቅ ይላል። ለምን ይህን ያህል? ሚስማር ቀጥ ብሎ የሚሄደው እንጨቱ ከፈቀደለት ነው። ጉጥ ላይ ወይም ውስጥ ያለ ብረት ላይ ካረፈ ይታጠፍና በጎን ይወጣል፤ የ9 ሴንቲ ሜትር ሚስማር እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወደ ፈለገው አቅጣጫ ሊዞር ይችላል። ሌላም አለ፦ እዚያ አገር የተለመደው የግድግዳ እንጨት 38 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ሁለቱ ሲደረቡ 76 ናቸው፤ 90 ሚሊ ሜትር ሚስማር ሲመታባቸው 14 ሚሊ ሜትሩ ከኋላ ብቅ ይላል። ከኋላ የሚደግፈው መዳፍ ካለ የሚቀበለው እሱ ነው። እንጨቱን በማሰሪያ መያዝ ሁለቱንም ነገር በአንድ ጊዜ ይፈታል።

በአገራችን ሶፋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ወጣቶች የሚይዙት አነስ ያለውን ነው፤ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቀጭን ሚስማር የሚመታውን። የ5 ሴንቲ ሜትሩ ክብደት ግማሽ ግራም አይሞላም። ትንሽ ስለሆነ የማይጎዳ ይመስላል። እንዲያውም ቀጭን በመሆኑ ከወፍራሙ በበለጠ ይታጠፋል፤ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ እንደ መርፌ ጠምዘዝ ብሎ በጎን ይወጣል። የሣጥን ጠርዝ ደግሞ የሚያዘው በጣት ነው፤ ርቀቱም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው።

አሁን ወደ ኮምፕሬሰሩ እንሂድ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ የእሱ ሂሳብ ነው። 50 ሊትር ታንከር በ7 ባር ሲሞላ ውስጡ የታመቀው ኃይል በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ 45,000 ጁል ገደማ ነው። ይህ አንድ ቶን የሚመዝን ነገር ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ሽቅብ ያነሳል። ታንከሩን ከዚህ የሚጠብቀው ቀጭን የብረት ግድግዳው ነው፤ ያንን ግድግዳ የሚበላው ደግሞ ከውስጥ የሚጠራቀም ውኃ ነው።

ውኃው ከየት መጣ? ከአየሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ግፊቱ 0.76 ባር አካባቢ ነው። እዚህ የጌጁን መርፌ 7 ባር ላይ ለማድረስ አየሩ ወደ አሥር እጥፍ መታመቅ አለበት። ለዚያው 50 ሊትር ታንከር ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ኮምፕሬሰር 345 ሊትር አየር ይስባል፤ አዲስ አበባ ያለው ግን 458 ሊትር፤ ሲሶ ያህል ተጨማሪ አየር። «ይሄ ኮምፕሬሰር ሰነፍ ነው» የሚል ባለሙያ ካለ፣ ስንፍናው የከፍታው ነው። ሽጉጡ ግን ልዩነቱን አያውቅም፤ ጌጁ 7 ካለ 7 ነው፣ ሚስማሩም ያንኑ ኃይል ያገኛል።

20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለው ቀን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 8.6 ግራም ያህል ውኃ አለ። አሥር ሜትር ኩብ ወደ አንድ ሲታመቅ 86 ግራሙ በአንድ ቦታ ይገናኛል፤ ያ አንድ ሜትር ኩብ ግን መሸከም የሚችለው 17 ግራም ብቻ ነው። ከአምስት እጅ አራቱ ውኃ ሆኖ ታንከሩ ሥር ይተኛል። ቀደም ያልነው ሽጉጥ ለአንድ ሚስማር 2.5 ሊትር ያህል የአዲስ አበባ አየር ቢፈጅ፣ 1,000 ሚስማር የሚመታ ወርክሾፕ በቀን 17 ግራም ውኃ ያጠራቅማል። በ250 የሥራ ቀን ከ4 ሊትር በላይ። ታንከሩ ሥር ያለችው ትንሽ የማፍሰሻ ቧንቧ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ሥራ ሲያበቃ ግፊቱ ወርዶ በየቀኑ መከፈት አለባት።

ከዘይቱ ጋር ስናስተያየው ደግሞ ያስቃል። አብዛኞቹ አምራቾች በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአየር መግቢያው ከ5 እስከ 10 ጠብታ የአየር መሣሪያ ዘይት ጨምሩ ይላሉ። አሥር ጠብታ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። ዓመቱን ሙሉ 125 ሚሊ ሊትር፤ ሁለት ሲኒ ቡና ቢሆን ነው። 4 ሊትር ውኃ ማውጣትና ሁለት ሲኒ ዘይት ማስገባት፣ የዓመቱ ዋና ጥገና ይኸው ነው። የሞተር ዘይት ወይም ዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ ግን በምትኩ አይሆንም፤ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች ያበላሻል። ዘይት የማይፈልግ ዓይነትም ስላለ መመሪያውን ማየት ነው። ከዚህ ሌላ ብሎኖቹ አለመላላታቸውን፣ አፈሙዙ ላይ ያለው ብረት ተጭኖ ሲለቀቅ በራሱ ወደ ውጭ መመለሱን ማየት ያስፈልጋል። ስፕሪንጉ ደክሞ ወይም ሙጫና ብናኝ ይዞት የማይመለስ ከሆነ ሽጉጡ ሁልጊዜ እንጨት ላይ እንደተጫነ ያስባል። ሥራ ለማፍጠን ብሎ ያንን ብረት በሽቦ የሚያስር ሰውም አለ፤ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ከእጁ ላይ ሊወሰድበት ይገባል።

ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ሽጉጡን አያጠፋውም። ያ 50 ሊትር ታንከር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ግፊቱ ከ7 ወደ 5 ባር እስኪወርድ ድረስ ወደ 50 ሚስማር ይተኩሳል። ስለዚህ የተቀረቀረ ሚስማር ለማውጣት፣ ሚስማር ለመሙላት፣ መሰላል ለመውጣት ወይም ለሌላ ሰው ለማቀበል መጀመሪያ ቱቦው ይነቀላል። እዚህ ላይ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ሽጉጡ ላይ የሚገጠመው ማገናኛ ወንዴው መሆን አለበት፤ ሲነቀል ውስጡ የቀረው አየር በዚያው ይወጣል። ሴቴው ከተገጠመበት ግን ራሱን ይዘጋል፤ ቱቦው ተነቅሎ መሬት ላይ እያለ ሽጉጡ አንድ ሚስማር የሚተኩስበት አየር ይዞ ይቀራል።

ኮምፕሬሰር ሲበላሽ ብየዳ ቤት ካለው የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ መግጠም የሚያምረው ይኖራል። ሙሉ ሲሊንደር 150 ባር ያህል ይይዛል፤ ሽጉጡ የሚችለው ትልቁ ግፊት 8 ባር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ኦክስጅን ዘይት ሲያገኝ ይቀጣጠላል፤ ሽጉጡ ደግሞ ጠዋት ዘይት የጠጣ ነው። ውጤቱ ቦምብ ነው።

ድምፁ ብዙ አያስቆየንም። የተለያዩ ሽጉጦች ጫፍ ድምፅ ሲለካ ከ109 እስከ 136 ዴሲቤል ሆኖ ተገኝቷል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ 10 ሲጨምር ኃይሉ አሥር እጥፍ ነው። የ27ቱ ልዩነት ማለት ትልቁ ከትንሹ 500 እጥፍ ያህል ይበልጣል። እያንዳንዱ ተኩስ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፤ አንዴ ሚስማሩ ሲገባ፣ አንዴ አየሩ ሲወጣ። የጆሮ መሰኪያውና መነጽሩ አብረው ይደረጉ።

ሚስማር የገባበት ሰው ካጋጠመም እዚያው በጉጠት መንቀል አይገባም። ሚስማሮቹ በሽቦ፣ በፕላስቲክ ወይም በወረቀት ተያይዘው ስለሚመጡ የተቆረጠ ሽቦና ሙጫ ይዘው ይገባሉ፤ ሲጎተቱ መንጠቆ ይሆኑና ጅማትና ነርቭ ይዘው ይወጣሉ። እንደተሰካ ሆስፒታል ማድረስ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይረሳ፤ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፣ ቁስሉ የቆሸሸ ከሆነና የመጨረሻው ከተወሰደ 5 ዓመት ካለፈው ያኔውኑ ይደገማል።

ሽጉጥ ሊገዙ ወይም ሊከራዩ ከሆነ ከዋጋው በፊት ስለ ቃታው ይጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ፣ ቱቦውን አየር ሞልተው፣ አፈሙዙን አስተማማኝ ቁራጭ እንጨት ወዳለበት አቅጣጫ አድርገው፣ ምንም ሳይነካ መጀመሪያ ቃታውን ይሳቡ፤ ከዚያ እንደያዙት እንጨቱ ላይ ይጫኑት። ከተኮሰ ሲነካ የሚተኩሰው ነው። ሻጩ በተራ የሚተኩስ ቃታ ካለው ያንን ያስገጥሙ፤ ከሌለው ሌላ ሽጉጥ ይውሰዱ።